ዋናው አሠልጣኝ ሲሰናበት ወጣቶቹ ምን ይሆናሉ?

ሉክ ዴቪስ-ዩኒያክ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአራተኛ ምርጫ ወደ አውስትራሊያው ኖርዝ ሜልበርን ክለብ ሲገባ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። የተቀበለው አሠልጣኝ ብራድ ስኮት በ2019 አጋማሽ ክለቡን ለቀቀ። በጊዜያዊነት የተተካው ራይስ ሾው ቋሚ ተደረገና በ2020 መጨረሻ እሱም ሄደ። ዴቪድ ኖብል መጣ፤ በ2022 የውድድር ዓመት መሀል ከክለቡ ተለያየ። የቀሩትን ጨዋታዎች ሊ አዳምስ መራ። ለ2023 ስመ ጥሩው አላስቴር ክላርክሰን ተቀጠረ፤ እሱም በዓመቱ መሀል ለጤናው ሲል ገለል ብሎ እስኪመለስ ድረስ ብሬት ራተን ቦታውን ሸፈነ። ልጁ ስድስት የውድድር ዓመት ሲሞላው ስድስት ሰዎች በየተራ ቆመው እንዴት መጫወት እንዳለበት ነግረውታል።

ዴቪስ-ዩኒያክ ይህን ሁሉ አልፎ ከአገሩ ምርጥ አማካዮች አንዱ ሆኗል። አብረውት በዚያው ወቅት የገቡት ብዙዎቹ ግን ዛሬ በሊጉ የሉም። በ2020 መጨረሻ ክለቡ ከአሠልጣኙ ሌላ ከ10 በላይ ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ አሰናብቷል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ጋዜጠኞች አሠልጣኝ ሲባረር የሚጽፉት ስለ ቦርዱ፣ ስለ ካሳው ገንዘብና ስለሚተካው ሰው ነው። ገና 20 እና 30 ጨዋታ ስላደረገው ልጅ የሚጻፈው ጥቂት ነው። እኔ የማየው ከዚያ ወገን ነው፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት የሆኑትን ለውጦች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ወጣቱን ሲጠቅሙም ሲጎዱም የሚደጋገም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሜዳው ሞላላ ነው፤ በአንድ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ እንደ እንቁላል ረዘም ያለ ነው፤ በእግር ይመታል፣ በቡጢ ተመትቶ ለጓደኛ ይሰጣል፣ በእጅ ይያዛል። በሁለቱ መሀል ቋሚዎች በኩል በእግር የገባ 6 ነጥብ፣ በጎን ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከፍተኛው ሊግ ኤኤፍኤል 18 ክለቦች አሉት። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ተጫዋች ወደ ክለብ የሚገባበት መንገድ ነው። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ልጁ ከክለብ ክለብ አማርጦ አይፈርምም። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ በሚካሄደው ድራፍት ክለቦቹ በየተራ ስሙን ይጠራሉ፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ታች የጨረሰው ቀድሞ ይመርጣል። የፐርዝ ልጅ በአንድ ምሽት የሜልበርን ተጫዋች ይሆናል፤ የአራት ሰዓት ገደማ በረራ ከቤተሰቡ ይርቃል፤ ብዙውን ጊዜ ክለቡ ባገኘለት አስተናጋጅ ቤተሰብ ዘንድ ያድራል። የመጀመሪያ ውሉ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ከ40 በላይ ከሆኑት የክለቡ ተጫዋቾች መካከል በሳምንቱ መጨረሻ የሚሰለፉት 23 ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ በሁለተኛ ደረጃ ውድድር ላይ ይጫወታሉ።

ከዚህ አሠራር አንድ የማይቀር ነገር ይከተላል። ጥሩ ወጣት የሚደርሰው ደካማ ክለብ ነው፤ አሠልጣኝ የሚያባርረውም ደካማ ክለብ ነው። ስለዚህ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ የአሠልጣኝ ለውጥ የማየት ዕድሉ ከሌላው የሰፋ ነው። በአጋጣሚ የሚደርስበት ነገር አይደለም፤ ከሥርዓቱ የሚወለድ ነው።

ለውጡ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል በአንድ ወጣት ተከላካይ እንየው። ኳሱ ከሩቅ ተመትቶ በአየር ላይ እየመጣ ነው። ተከላካዩ የሚጠብቀው አጥቂ አጠገቡ አለ፤ ኳሱ የሚወርደው ግን 15 ሜትር ርቆ ጓደኛው ባለበት ነው። የራሱን ሰው ትቶ ሄዶ ኳሱን በቡጢ ያውጣ? ወይስ ከሰውየው ጋር ተጣብቆ ይቅር? አንዱ አሠልጣኝ በቀጠና መከላከልን ያስተምራል፤ ሂድ ይለዋል፤ ካልሄደ ሰኞ ጠዋት በቪዲዮ ክፍል ምስሉ ቆሞ ይጠየቃል። ቀጣዩ አሠልጣኝ ሰው በሰው መያዝን ይመርጣል፤ ከሄደ ያው ምስል ቆሞ ይወቀሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ውሳኔው ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚወሰን ስለሆነ ካልተለማመደ በቀር አስቦ የሚደርስበት አይደለም። 200 ጨዋታ ያደረገ ሰው ሁለቱንም አሠራር አይቷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። 20 ጨዋታ ያደረገው ልጅ ያለው አንድ ልማድ ብቻ ነው። እሱን ሲያስጥሉት ያመነታል፤ ሲያመነታ ይዘገያል፤ የዘገየ ተከላካይ ደግሞ ሰነፍ ይመስላል። በሁለተኛ ዓመታቸው ደከሙ ከተባሉት ልጆች ስንቶቹ በእርግጥ ያመነቱ ብቻ እንደነበሩ ሳስብ ያሳዝነኛል።

የአብነት ትምህርት ቤታችን ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። የቤተ ልሔምን ዜማ ያደላደለ ተማሪ ወደ አጫብር መምህር ሲሄድ የሚያውቀውን ጥሎ አዲሱን እስኪይዝ ድረስ ጉሮሮው እንኳ ይቸገራል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እዚያ ቀለሙን ሲጨርስ ስንቁን ይዞ ወደ ሌላ የሚሄደው ተማሪው ነው፤ መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። እዚህ የሚሄደው መምህሩ ነው፤ ተማሪው ባልጨረሰበት ሰዓት።

አሠልጣኝ ሲባረር ውጤት ይሻሻላል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ለዚህም ምሳሌ ይጠራል። ካርልተን በ2019 በብሬንደን ቦልተን ሥር ከ11 ጨዋታ አንድ ብቻ አሸንፎ ነበር። ቦልተን ተሰናብቶ ዴቪድ ቲግ በጊዜያዊነት ሲተካ ከቀሩት 11 ጨዋታዎች 6 አሸነፈ። በቲግ የመጀመሪያ ጨዋታ የ24 ዓመቱ ፓትሪክ ክሪፕስ ብሪዝበን ላይ 38 ጊዜ ኳስ አቀብሎ 4 ጎል አገባ፤ ደጋፊው ክለባችን ነጻ ወጣ አለ። ቲግ ቋሚ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ራሱን በውጭ መርማሪዎች አስፈትሾ እሱንም አሰናበተው። ባስ ተር ቬል የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የኔዘርላንድ እግር ኳስ ሊግ መርምሮ በ2011 ያሳተመው ጥናት ነገሩን ያብራራል። በተመሳሳይ የውጤት ማሽቆልቆል ውስጥ የነበሩ፣ ግን አሠልጣኛቸውን ያላባረሩ ክለቦችም እንዳባረሩት ሁሉ ተሻሽለው አገኛቸው። ቡድን ከወትሮው በታች ሲወርድ ተመልሶ ወደ ልኩ መውጣቱ አይቀርም ማለት ነው። ጨዋታው ሌላ ቢሆንም ምክንያቱ ለአውስትራሊያ እግር ኳስም የሚሠራ ይመስለኛል።

ወጣቱ ላይ ግን ያ አጭር የደስታ ወቅት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጊዜያዊ አሠልጣኝ ሥራውን ቋሚ ለማድረግ ማሸነፍ አለበት፤ ለማሸነፍ ደግሞ የሚታመኑትን ነባሮች ያሰልፋል። ወይም ተቃራኒው ይሆናል፤ ዓመቱ አልቋል ተብሎ ልጆች በገፍ ይሞከራሉ፤ በኦክቶበር የሚመጣው አዲስ ሰው ግን ያንን ሙከራ አላየውም፣ አይቆጥረውም። የውል ጊዜው በዚያው ወር የሚያልቅ ልጅ ዕጣው የሚወሰነው አንድ ቀን እንኳ ባላሠለጠነው ሰው ነው። ለውጡ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ከስልትም በላይ የጊዜ ሰሌዳው ይጎዳል።

የሜልበርን ክለብ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በአንድ ክለብ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ለውጥ ተካሂዷል። ጃክ ዋትስ በ2008 ድራፍት የ1ኛ ምርጫ ነበር። በጁን 2009 ኮሊንግዉድ ላይ በንግሥቲቱ የልደት በዓል ጨዋታ መጀመሪያ ሲሰለፍ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዓመቱ ከሚደረጉት ትላልቅ ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ የኮሊንግዉድ ተጫዋቾች ኳሱን ገና ከመያዙ ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት። ያሰለፈው አሠልጣኝ ዲን ቤይሊ ነበር። በጁላይ 2011 ሜልበርን በጂሎንግ 186 ነጥብ ተበልጦ ሲሸነፍ ቤይሊ በቀናት ውስጥ ተባረረ። ቶድ ቪኒ ዓመቱን ጨረሰ። ማርክ ኒልድ መጣ፤ 33 ጨዋታ መርቶ 5 ብቻ አሸንፎ በ2013 አጋማሽ ሄደ። ኒል ክሬግ ያዘው። ከዚያ ፖል ሩስ፣ ከዚያ ሳይመን ጉድዊን። ዋትስ በስምንት ዓመት ውስጥ ስድስት አሠልጣኝ አየ። አንዱ ፊት መስመር ላይ ፈለገው፣ ሌላው ወደ ኋላ መልሶ ተከላካይ አደረገው፣ ሌላው በክንፍ። በ2017 በዚያው የልደት በዓል ጨዋታ፣ በዚያው ኮሊንግዉድ ላይ የአሸናፊነቱን ጎል አገባ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ወደ ፖርት አደሌድ አሳልፎ ሰጠው። ለሜልበርን 153 ጨዋታ አድርጓል። ጋዜጦች የከሸፈ ምርጫ ብለውት ነበር፤ እኔ ግን 153 ጨዋታ በስድስት አሠልጣኝ ያደረገ ሰው ከሸፈ ማለት አይሆንልኝም።

የጃክ ትሬንጎቭ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ2009 ድራፍት የ2ኛ ምርጫ ነበር። ኒልድ እንደተሾመ በ2012 መጀመሪያ የ20 ዓመቱን ልጅ ከጃክ ግራይምስ ጋር የጋራ አምበል አደረገው፤ በሊጉ ታሪክ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው አምበል አልነበረም። አዲስ አሠልጣኝ አዲስ ገጽ ለማሳየት ልጅን ፊት ያቆማል። ሽልማት ይመስላል፤ ሸክም ነው። ቡድኑ በየሳምንቱ ሲሸነፍ ከካሜራው ፊት የሚቆመው፣ ገና ራሱ ያልጠናውን ሥርዓት ለሌላው የሚያስረዳው እሱ ሆነ። ከዚያ የእግሩ አጥንት ተሰበረበት፤ ረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። አምበልነቱም በሩስ ጊዜ ቀረ። አጥንቱን የሰበረው የአሠልጣኝ ለውጥ ነው አልልም። ነገር ግን የክለቡ ሁኔታ ቢረጋጋ ኖሮ የ20 ዓመት ልጅ ያንን ሸክም እንዲሸከም ማንም አያደርግም ነበር።

ቀጥሎ በዚያው ክለብ የሆነውን እንይ። ሩስ በ2014 ሲመጣ ለዘለቄታው እንደማይቆይ ገና ከጅምሩ ተነግሮ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጉድዊን ተተኪ ተብሎ ተሰየመ፤ በ2015 እና በ2016 በምክትልነት ሠራ፤ በ2017 ያዘው። ክርስቲያን ፔትራካ በ2014፣ ክሌይተን ኦሊቨር በ2015 ድራፍት የመጡት በዚህ ወቅት ነው። ፔትራካ የመጀመሪያ ዓመቱን በጉልበት ጉዳት ሙሉ በሙሉ አጣ፤ ሆኖም ሲድን የሚጠብቀው ሰው ያው ነበር። ለእነዚህ ልጆች አሠልጣኝ ሲቀየር ያልታወቀ ሰው አልመጣም፤ ቀድሞ ስማቸውን የሚያውቅ፣ ድክመታቸውን ያየ ሰው ነው የተረከባቸው። በ2021 ሜልበርን ዌስተርን ቡልዶግስን 74 ነጥብ በልጦ ከ1964 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ በፍጻሜው ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ፔትራካ ነበር።

ለውጥ ወጣት ያሸሻል ሲባልም ትክክል ነው፤ ብሪዝበን ምስክር ነው። በኦገስት 2013 የራሱን ጀግና፣ አሠልጣኙን ማይክል ቮስን አባረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አምስት ወጣቶች ወደ ትውልድ ክልላቸው ወይም ወደ ሌላ ክለብ መሄድ እንፈልጋለን ብለው ለቀቁ፦ ሳም ዶከርቲ፣ ጃሬድ ፖሌክ፣ ኤሊየት ዮ፣ ቢሊ ሎንገርና ፓትሪክ ካርኔዚስ። የቤት ናፍቆት ነበረ፤ ግን ናፍቆት ከመጀመሪያው ቀንም ነበረ። የሚያስቀምጣቸው ሰው ሲሄድ ነው መቆያ ምክንያቱ የተነሳው። ዮ በዌስት ኮስት የ2018ን ዋንጫ አነሳ፤ ዶከርቲ ካርልተንን በአምበልነት መራ። ክለቡ ያጣው ዝቅተኛ ተጫዋች አልነበረም።

ጄሰን ሆርን-ፍራንሲስም እንዲሁ በ2021 በ1ኛ ምርጫ ኖርዝ ሜልበርን ገብቶ፣ አሠልጣኙ በመሀል ሄዶበት፣ ቡድኑ 2 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ሲወጣ አይቶ፣ ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ግዛቱ ወደ ፖርት አደሌድ ተመለሰ። እዚያ ኬን ሂንክሊ ከ2013 ጀምሮ ያሠለጥን ነበር። ብዙ ሰው ልጁን ትዕግሥት የለውም ብሎ ወቀሰው። የ19 ዓመት ልጅ የተረጋጋ ቤት መፈለጉ እንዴት እንደሚያስወቅሰው አይገባኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ ለውጥ መጥፎ ነው ካልኩ ግን ዌስተርን ቡልዶግስ ሐሰተኛ ያደርገኛል። በ2014 ማብቂያ ክለቡ የፈረሰ ይመስል ነበር። 14ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አምበሉ ራያን ግሪፈን ወደ ጂደብሊውኤስ ክለብ ልሂድ አለ፤ በቀናት ልዩነት አሠልጣኙ ብሬንዳን ማካርትኒ ለቀቀ። የተተካው ሉክ ቤቨሪጅ በአማተር ሊግ ሴንት ቢድስ የተባለ ቡድን ይዞ በተከታታይ ሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ ያነሳ፣ በኋላም በሃውቶርን በምክትልነት የሠራ ሰው ነው። በሁለተኛው ዓመቱ ከ7ኛ ደረጃ ተነስቶ፣ ፐርዝ ሄዶ ዌስት ኮስትን፣ ከዚያ የሦስት ተከታታይ ዓመት ባለዋንጫ ሃውቶርንን፣ ከዚያ ሲድኒ ሄዶ ጂደብሊውኤስን አሸንፎ፣ በኦክቶበር 1 ቀን 2016 ሲድኒን 22 ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ያ ቡድን የልጆች ቡድን ነበር፤ ማርከስ ቦንተምፔሊ 20 ዓመቱ ነበር። ታዲያ እዚህ ለውጡ ለምን ሠራ? አንደኛው ምክንያት ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ልጆቹን ያሳደገው ማካርትኒ ነበር። ቦንተምፔሊ፣ ጃክ ማክሬ፣ ጄክ ስትሪንገርና ላኪ ሃንተር መጀመሪያ የተሰለፉት በእሱ ጊዜ ነው፤ ኳስ በሚፋለሙበት ቦታ እንዴት እንደሚገቡ ያስተማረው እሱ ነው። ቤቨሪጅ ያንን አላፈረሰም፤ በላዩ ላይ ነጻነት ጨመረበት። በፍጥነት በእጅ መቀባበልን፣ ቦታ መቀያየርን ፈቀደ። ሁለተኛው፣ ሌላው የማያሰልፈውን ሰው የሚያይ ዓይን ነበረው። ካሌብ ዳንኤል ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ2014 ድራፍት በ46ኛ ምርጫ ነው የተወሰደው። በዋንጫው ቡድን ውስጥ ተሰለፈ፤ በኋላ ቤቨሪጅ ወደ ኋላ መስመር ወስዶት ኳስ አከፋፋይ አደረገው፤ በ2020 የዓመቱ የአገር አቀፍ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። አዲስ ዓይን ሲመጣ አሮጌው ፍርድ ይነሳል፤ ለአንዳንዱ ልጅ ያ ሕይወቱ ነው።

በዚያው ቡድን ውስጥ ያለ ሌላ ልጅ ግን አለ። ቶም ቦይድ በ2013 ድራፍት በ1ኛ ምርጫ ጂደብሊውኤስ ገብቶ ከአንድ ዓመት በኋላ በግሪፈን ልውውጥ በትልቅ ውል ወደ ቡልዶግስ መጣ። በ2016 ፍጻሜ ሦስት ጎል አገባ። በ2019፣ በ23 ዓመቱ፣ ጨዋታ አቆመ፤ ስለ አእምሮ ጤንነቱ በይፋ ተናገረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ክለብና ሁለት አሠልጣኝ ማየቱ ብቻውን ይህን አመጣ ማለት ድፍረት ነው። ነገር ግን ዋንጫ ያመጣ ለውጥ ሁሉንም ልጅ ጠቀመ ማለትም አይቻልም።

ሃውቶርን ለውጡን ያካሄደበት መንገድ መጀመሪያ ላይ አስቀያሚ ነበር። ክላርክሰን አራት ዋንጫ ያመጣ አሠልጣኝ ነው። በጁላይ 2021 ክለቡ ሳም ሚቼል ከ2022 በኋላ ይተካዋል አለ፤ ወር ሳይሞላ ስምምነቱ ፈርሶ ክላርክሰን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚሄድ ተነገረ። ወጣቶቹ ግን ከዚህ ትርምስ ብዙም አልተጎዱም። ሚቼል በ2021 የክለቡን ሁለተኛ ቡድን፣ ቦክስ ሂልን፣ ያሠለጥን ስለነበር ነው። ጃይ ኒውኮም በዚያው የውድድር ዓመት መሀል በሚደረገው ተጨማሪ ድራፍት ከመመረጡ በፊት በቦክስ ሂል የሚጫወተው በሚቼል ሥር ነበር። ዋናው አሠልጣኝ ተቀየረ፤ ለኒውኮም ግን መምህሩ ተመልሶ መጣ።

ቀጥሎ የተደረገው ደፋር ነበር። በ2022 መጨረሻ የ2018 የብራውንሎ ሜዳልያ (የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ባለቤት ቶም ሚቼል ወደ ኮሊንግዉድ፣ ጄገር ኦሜራ ወደ ፍሪማንትል፣ ጃክ ጋንስተን ወደ ብሪዝበን ተሸኙ። ነባሮቹ ሲሄዱ መሀሉ ለልጆች ክፍት ሆነ። በ2023 ቡድኑ 16ኛ ወጣ፤ 2024ን በአምስት ተከታታይ ሽንፈት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ክለብ የሚሸበረው። ሃውቶርን አልተሸበረም፤ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በፍጻሜው ምዕራፍ ዌስተርን ቡልዶግስን አሸነፈ። ሜዳውን ለወጣት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ሲሸነፉ ቦታቸውን አለመንጠቅም አለበት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዋናው አሠልጣኝ ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ግን ከዋናው አሠልጣኝ ጋር በሳምንት የሚያወራው ጥቂት ነው። ከልምምድ በኋላ ቀርቶ በግራ እግሩ 50 ኳስ የሚያስመታው፣ ከጨዋታው የተቆረጠ ቪዲዮ ይዞ አጠገቡ የሚቀመጠው የወጣቶች አሠልጣኙ ነው። እናቱ ስትታመም አውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጥለት የተጫዋቾች ደኅንነት ኃላፊው ነው። አዲስ ዋና አሠልጣኝ ሲመጣ የራሱን ሰዎች ያመጣል፤ እነዚህ ሰዎች አብረው ይጠረጋሉ። የደጋፊው ዓይን ስለማያያቸው መሄዳቸው ዜና አይሆንም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሊጉ አንድ ክለብ ለእግር ኳስ ክፍሉ የሚያወጣውን ገንዘብ ጣሪያ ከ9.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 6.2 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ አደረገው። በብዙ ክለቦች ቀድመው ሥራ ካጡት መካከል የወጣቶች አሠልጣኞች ነበሩ። የዚያ ዓመት ጀማሪዎች አሠልጣኛቸው ሳይቀየር መምህራቸውን አጡ።

የዚህ ተቃራኒ ጎልድ ኮስት ነው። ክለቡ ከ2011 ጀምሮ አሠልጣኝ ሲቀያይር፣ ያሳደጋቸውም ልጆች ሲሄዱበት ኖሯል፤ ዲየን ፕሬስቲያ፣ ቶም ሊንች፣ ስቲቨን ሜይ፣ ቻርሊ ዲክሰን ሁሉ የወጡት ከዚያ ነው። በጁላይ 2023 ስቱዋርት ዱ ተሰናበተ፤ ስቲቨን ኪንግ ዓመቱን ጨረሰ፤ ዴሚየን ሃርድዊክ ለ2024 ተሾመ። በዚያው 2023 የክለቡ ሁለተኛ ቡድን ቪኤፍኤል የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ ውድድር ዋንጫ አነሳ። ላይ ያለው ወንበር ሲናወጥ ታች ያለው ትምህርት ቤት ሥራውን ቀጥሎ ነበር ማለት ነው። በ2019 ድራፍት በ1ኛና በ2ኛ ምርጫ አብረው የመጡት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ማት ራውልና ኖህ አንደርሰን ሦስት አሠልጣኝ አይተው አልሄዱም። በ2025 አንደርሰን አምበል ሆኖ ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍጻሜው ምዕራፍ ገባ፤ ራውል የዓመቱን ብራውንሎ ወሰደ።

አለመቀየርስ? አደሌድ በ2020 በማቲው ኒክስ የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች ተሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻ ሆነ። ቦርዱ ታገሠው። በ2025 በዚያው አሠልጣኝ የሰንጠረዡ 1ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2020 በ2ኛ ምርጫ የመጣው ራይሊ ቲልቶርፕ ከአንድ ዋና አሠልጣኝ በቀር አያውቅም። ብሪዝበንም አምስቱን ልጆች ካጣ በኋላ ለ2017 ክሪስ ፋጋንን ቀጠረ፤ በሊጉ ተጫውቶ የማያውቅ፣ ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ ሰው። በሁለት ዓመት በየዓመቱ 5 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። አልተነካም። የአራት ዋንጫ ባለቤቱን ሉክ ሆጅን በ2018 ያስመጣው ለልጆቹ ሜዳ ላይ መምህር እንዲሆን ነው። በ2019 ቡድኑ 2ኛ ሆነ፤ በ2024 እና በ2025 ዋንጫ አነሳ። ትዕግሥት ሁልጊዜ ይክሳል አልልም፤ ኒልድን አምስት ዓመት ማቆየት ለማንም አይጠቅምም ነበር። ቦርዱ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ስንት ተሸነፍን የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ልጆቹ ካለፈው ዓመት ምን ያህል ተሻሻሉ የሚለውም መልስ ይሻል።

ይህ ነገር ለእኛ ሰዎችም ሩቅ አይደለም። የቡልዶግስ መቀመጫ ዊተን ኦቫል ከፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙ አይርቅም። ሊጉ በ2016 ያቋቋማቸው የቀጣዩ ትውልድ አካዳሚዎች ከወላጆቹ አንዱ አፍሪካ ወይም እስያ ውስጥ የተወለደ ልጅን ይቀበላሉ፤ በሜልበርን የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በዚህ በር መግባት ይችላል። ልጃቸውን ወደዚያ የሚልኩ ወላጆች የክለቡን የዋንጫ ታሪክ ከመጠየቃቸው በፊት ልጄን በየቀኑ የሚያሠለጥነው ማን ነው፣ ስንት ዓመት ቆየ፣ ዋናው አሠልጣኝ ቢሄድ እሱ ይቀራል ወይ ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ቀጣዩ ፈተና እዚያው ሜልበርን ክለብ ላይ ነው። ዋንጫ ያመጣው ጉድዊን በኦገስት 2025 ተሰናበተ። ፔትራካ ወደ ጎልድ ኮስት፣ ኦሊቨር ወደ ጂደብሊውኤስ ሄዱ። አዲሱ አሠልጣኝ በ2023 ጎልድ ኮስትን በጊዜያዊነት የያዘው ስቲቨን ኪንግ ነው። በ2024 ድራፍት በ6ኛና በ11ኛ ምርጫ የመጡት ሃርቪ ላንግፎርድና ዜቪየር ሊንድሴይ ሁለተኛ ዓመታቸው በሁለተኛ አሠልጣኝ ሥር ነው፤ መሀሉ እንደ ሃውቶርን ልጆች ተከፍቶላቸዋል፤ ከጎናቸው የሚቆም ነባር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በ2026 እኔ የምከታተለው የነጥብ ሰንጠረዡን አይደለም። እነዚህ ሁለት ልጆች አምስት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፉ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት በያዙት ቦታ ላይ ይሰለፋሉ ወይ፣ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያስተማሯቸው ምክትሎችስ ስንቶቹ ክለቡ ውስጥ ቀርተዋል የሚለውን ነው።